ካርታው ላይ የማይታየው ሰውዬ

ወረቀቱን ያገኘሁት የሕንጻችን መግቢያ ላይ ተለጥፎ ነው። በወሲብ ወንጀል ተፈርዶበት የተፈታ ሰው ሰፈራችን መግባቱን የሚገልጽ፣ ከሸሪፍ (ከካውንቲው ፖሊስ) ቢሮ የመጣ ማሳወቂያ። የአንድ ሰው ፎቶ፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ቁመት፣ የተፈረደበት ወንጀል፣ የሚኖርበት መንገድ። ከላይ በደማቁ «ሌቭል 3» ይላል። ከሥር የስብሰባ ቀን አለው። ሲያትል አካባቢ መኖር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ግን ደጄ ድረስ መጥቶ አያውቅም።

ማታውኑ የሰፈራችን የሐበሾች ግሩፕ ታመሰ። ፎቶው በቴሌግራም ዞረ። አንዱ «ይሄን ሰው ማን ፈታው?» ይላል። አንዷ ቤት መፈለግ እንደጀመረች ጻፈች። አንድ አባት ደግሞ ከሸሪፉ ዌብሳይት ላይ የሰፈራችንን ካርታ አንስቶ ለቀቀው፤ በወሲብ ወንጀል ተፈርዶባቸው መንግሥት መዝገብ ላይ ያሰፈራቸው ሰዎች በነጥብ በነጥብ ተቀምጠዋል። እኔም እንደ ሁሉም ወላጅ ነጥቦቹን እያየሁ ልጆቼ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበትን መንገድ በሐሳቤ አሰመርኩ።

ስብሰባው ላይ ከፎቃችን የሚኖሩ አንዲት እናት አብረውኝ ሄዱ። ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላቸው። እንግሊዝኛው ብዙም አይሆንላቸውም፤ ጎናቸው ተቀምጬ በሹክሹክታ አስተረጉምላቸው ነበር። ያቀረበችው ዲቴክቲቭ እነዚህን ጉዳዮች ብቻ የምትከታተል ሴት ናት። ሰውዬው ቅጣቱን ጨርሷል፤ የትም ሰፈር የመኖር መብት አለው፤ እሱን ማስፈራራት ራሱ ወንጀል ነው፤ እኛም የምንነግራችሁ እንድትጠነቀቁ ነው አለች። አዳራሹ ውስጥ ያጉረመረመው ብዙ ነው። ጥያቄው ሁሉ ስለዚያ ሰውዬ ነበር። ሥራ አለው ወይ? ካሜራ ይደረግበታል ወይ? መኪናው ምን ዓይነት ነው?

እማማ ክንዴን ነካ አደረጉኝ። «እስቲ ጠይቂልኝ ልጄ። የገዛ ልጁን የነካ ሰውስ ስንተኛ ነው?»

ጠየቅኩላቸው። ዲቴክቲቯ ትንሽ አሰብ አድርጋ መለሰች። ጉዳዩ እንደ ሰው ይለያያል፤ ግን ብዙ ጊዜ ሌቭል 1 ነው። ሌቭል 1 ከሆነ ደግሞ ወረቀት አይለጠፍም፣ ስብሰባ አይጠራም፣ ዌብሳይቱ ላይም አታገኙትም።

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁና ዝም አሉ። ለምን እንደጠየቁ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። መልሱ ግን ይዞኝ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት ሁሉ ከዚህች አንዲት ጥያቄ የመጣ ነው።

ቁጥሩ ምን ይለካል?

አብዛኞቻችን «ሌቭል 3» ስንል የሥራው ክፋት ደረጃ ይመስለናል። 1 ቀላል፣ 2 መካከለኛ፣ 3 አረመኔ። በዋሽንግተን ስቴት እንዲህ አይደለም። ቁጥሩ ስላለፈው አይናገርም። ወደፊት ዳግም የመፈጸም ዕድሉ ምን ያህል ነው የሚል ግምት ነው።

ሰው ከእስር ሊወጣ ሲል ከተለያዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተውጣጣ አንድ ኮሚቴ ፋይሉን ይመረምራል። ደረጃ ይሰጠዋል። የሚሄድበት ካውንቲ ፖሊስ ደግሞ ካልተስማማ ምክንያቱን ጽፎ መቀየር ይችላል። ለግምቱ መነሻ የሚሆነው ስታቲክ-99 አር የሚባል መለኪያ ነው። ካርል ሃንሰንና ዴቪድ ቶርንተን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1999 አወጡት፤ በኋላ የዕድሜው ነጥብ ታርሟል። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።) ለአዋቂ ወንዶች የተዘጋጀ ነው። ያሉት ጥያቄዎች 10 ብቻ ናቸው፤ ድምሩ ከዜሮ በታች 3 እስከ 12 ይደርሳል።

ጥያቄዎቹን ሳያቸው ደነገጥኩ። ስላዘነ፣ ስለተጸጸተ፣ ስላለቀሰ የሚጠይቅ የለም። ጥቃቱ ስንት ዓመት ቆየ የሚል የለም። ተጎጂው ምን ያህል ተጎዳ የሚልም የለም። የሚጠየቀው ሲፈታ ስንት ዓመቱ ነው፣ ከፍቅር ጓደኛ ጋር 2 ዓመት አብሮ ኖሯል ወይ፣ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ተፈርዶበታል፣ ተጎጂው ዘመዱ ነው ወይ፣ የሚያውቀው ሰው ነው ወይ፣ ወንድ ነው ወይ፣ እነዚህንና መሰሎቻቸውን ነው።

ሁለት ሰዎችን እናስብ። ሁለቱም የኔ ፈጠራ ናቸው፤ ነጥቡ ግን የመለኪያው ነው።

የመጀመሪያው ሲፈታ 22 ዓመቱ ነው። አውቶቡስ ውስጥ የማያውቃትን ሴት ያለፈቃዷ ነካክቶ ተፈረደበት። ዕድሜው ከ35 በታች ነው፤ 1 ነጥብ። ከፍቅረኛ ጋር 2 ዓመት ኖሮ አያውቅም፤ 1 ነጥብ። ተጎጂዋ ዘመዱ አይደለችም፤ 1 ነጥብ። ጭራሽ አያውቃትም፤ ሌላ 1 ነጥብ። ድምር 4። በመለኪያው አነጋገር «ከአማካይ በላይ» የሚባል ነው።

ሁለተኛው ሲፈታ 55 ዓመቱ ነው። ባለትዳር፣ የተከበረ፣ ፖሊስ ደጁን ረግጦት የማያውቅ። ሴት ልጁን ለዓመታት ሲያጠቃ ኖሮ ተያዘ። ዕድሜው ከ40 እስከ 60 መካከል ስለሆነ 1 ነጥብ ይቀነስለታል። አግብቶ ኖሯል፤ ዜሮ። ተጎጂዋ ልጁ ናት፤ ዜሮ። ያውቃታል፤ ዜሮ። ድምር ከዜሮ በታች 1። «ከአማካይ በታች»።

ይሄን ወረቀት ላይ ደምሬ ሳበቃ እስክሪብቶውን ወርውሬ ተነሳሁ። እንዴት ነው የልጁን ሕይወት ያበላሸ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ካስቸገረው ጎረምሳ የተሻለ የሚሆነው?

ቆይቼ ሳስበው ግን መለኪያው አልዋሸም። የመኪና ኢንሹራንስ እንደሚሠራው ነው የሚሠራው። ኢንሹራንሱ ጎረምሳውን ብዙ የሚያስከፍለው መጥፎ ልጅ ስለሆነ አይደለም፤ እሱን የሚመስሉት ብዙ ስለሚጋጩ ነው። መለኪያውም እንደዚያው ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ካላቸው ብዙ ሰዎች መካከል ስንቶቹ እንደገና ተያዙ የሚለውን ይነግረናል። ቤተሰቡ ውስጥ የፈጸመ ሰው አንዴ ከተጋለጠ በኋላ በሌላ አዲስ ክስ የመያዝ ዕድሉ በአማካይ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ሐቅ ነው። ችግሩ እኛ ሌላ ጥያቄ ጠይቀን የዚህን መልስ መውሰዳችን ነው።

የዋሽንግተን ሕግ ራሱ ይሄን አልደበቀም። ሌቭል 1 ማለት «በሰፊው ማኅበረሰብ ውስጥ» ዳግም የመፈጸም ስጋቱ ዝቅተኛ የሆነ ሰው ነው ይላል። ሰፊው ማኅበረሰብ ውስጥ! ለጎረቤቱ፣ ለመንገደኛው፣ አውቶቡስ ለምትጠብቀው ሴት። ሳሎን ውስጥ ላለችው ልጅ አላለም።

ዝም የሚባልበት ሌላ ምክንያትም አለ፤ እሱ እንኳ ይገባኛል። የአባትየው ፎቶ ከወንጀሉ ጋር በየበሩ ቢለጠፍ ተጎጂዋ ማን እንደሆነች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስሟ ባይጻፍም የተጻፈ ያህል ነው። እሷን ለመጠበቅ ሲባል እሱም ይሸፈናል።

ስቴት ሲቀየር ሰውም ይቀየራል

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ልንገራችሁ። ይሄ ቁጥር አገር አቀፍ አይደለም። ሰውዬው ስቴት ከቀየረ ደረጃው፣ የሚመዘገብበት ዘመን፣ ፎቶው መውጣቱና አለመውጣቱ ሁሉ ሊቀየር ይችላል።

ኒውዮርክ ጉዳዩ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ሰውዬው ጠበቃ አለው፣ ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃ ያቀርባል፣ ነጥብ ይደመራል። 110 ከሞላ ሌቭል 3 ነው። ሌቭል 1 የሆነ 20 ዓመት ይመዘገባል፤ ከዚያ በላይ ያሉት ዕድሜ ልካቸውን። በ2006 የወጣው የፌዴራሉ የአዳም ዋልሽ ሕግ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው የያዘው። የወደፊቱን አይገምትም፤ የተፈረደበትን አንቀጽ አይቶ ይመድባል። አንደኛው ምድብ 15 ዓመት፣ ሁለተኛው 25 ዓመት፣ ሦስተኛው ዕድሜ ልክ። ይሄን ያላሟላ ስቴት ከአንድ የፍትሕ ድጎማ 10 በመቶ ይቀነስበታል። ዋሽንግተንን ጨምሮ ብዙዎቹ ቅናሹን ችለው በራሳቸው መንገድ ቀጥለዋል። የመጀመሪያውን መዝገብ በ1947 የከፈተችው ካሊፎርኒያ ለብዙ ዘመን ሁሉንም ዕድሜ ልክ ስትመዘግብ ኖራ፣ ከ2021 ወዲህ በ10 ዓመት፣ በ20 ዓመትና በዕድሜ ልክ ከፍላዋለች።

እንግዲህ «ሌቭል 2 ነው አሉ» የሚል ወሬ ስትሰሙ መጀመሪያ የየት ስቴት ሌቭል 2 ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ጋ የግምት ውጤት ነው፣ ሌላው ጋ የአንቀጽ ቁጥር ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

መዝገቡ ከየት እንደመጣ ሳነብ ከእያንዳንዱ ሕግ ጀርባ አንድ ሕፃን አገኘሁ። በ1989 ታኮማ ውስጥ፣ ከኛ ብዙም በማይርቅ ከተማ፣ የ7 ዓመት ልጅ ላይ ዘግናኝ ጥቃት ደረሰ። የፈጸመው ሰው የቆየ ሪከርድ ያለው ነበር። ዋሽንግተን በማግስቱ ዓመት ሕዝብን የማሳወቅ ሕግ አወጣች፤ ከሁሉም ስቴት ቀድማ። በዚያው በ1989 ሚኒሶታ ውስጥ ጄኮብ ዌተርሊንግ የሚባል የ11 ዓመት ልጅ ከመንገድ ላይ ተወሰደ። በ1994 ሁሉም ስቴት መዝገብ እንዲይዝ ያዘዘው የፌዴራል ሕግ በስሙ ተጠራ። በዚያ ዓመት ክረምት ደግሞ ኒውጀርሲ ውስጥ የ7 ዓመቷን ሜጋን ካንካን ከቤታቸው ፊት ለፊት የሚኖር ሰው ገደላት። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተፈርዶበት ነበር፤ ወላጆቿ አያውቁም። በ3 ወር ገደማ ስቴቱ ሕግ አወጣ፤ በ1996 አገር አቀፍ ሆነ።

የሜጋን ወላጆች «ብናውቅ ኖሮ» ሲሉ ማን ይከራከራቸዋል? እኔ አልከራከራቸውም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባል የለ? መዝገቡ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

ግን እነዚህ ሕጎች የተሰፉት በአንድ ዓይነት ታሪክ ልክ ነው። ከውጭ በመጣ፣ ቀድሞ በታወቀ፣ በተለቀቀ ሰው ልክ። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ የስታቲስቲክስ ቢሮ በ2000 ባወጣው ጥናት ለፖሊስ ከተነገሩ በልጆች ላይ የተፈጸሙ የወሲብ ጥቃቶች መካከል ጨርሶ በማይታወቅ ሰው የተፈጸመው 7 በመቶ ገደማ ነው። ከ3 አንዱ በቤተሰብ አባል ነው። የቀረው በሚታወቅ ሰው ነው፤ በጎረቤት፣ በአሠልጣኝ፣ በቤተሰብ ወዳጅ። ኒውዮርክ ላይ የ21 ዓመት መረጃ የመረመሩ ሰዎች ደግሞ በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ በወሲብ ወንጀል ከታሰሩት ውስጥ ከ95 በመቶ በላዩ ቀድሞ በእንዲህ ያለ ወንጀል ያልተፈረደበት መሆኑን አገኙ። እዚያ ሁሉ ሰው ስም አጠገብ መዝገቡ ባዶ ነበር ማለት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይሄኔ ነው።

ለማን ይሠራል?

መዝገቡ ጥቅም የለውም ለማለት አይደለም። ሁለት ነገር አንድ ላይ ተጣብቆ ነው የሚቀርበው፤ መለያየት አለበት። አንደኛው ፖሊስ እንዲያውቅ መመዝገብ ነው። ሌላው ለሕዝብ ማውጣት ነው። ፕሬስኮትና ሮኮፍ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2011 ሁለቱን ነጥለው አዩት። ፖሊስ ዘንድ መመዝገቡ ዳግም ጥቃትን የሚቀንስ ይመስላል። ለሕዝብ መለጠፉ ግን የተመዘገቡትን ይበልጥ የሚያባብስ ሆኖ ተገኘ፤ ገና ያልተያዙትን ግን ሳያስፈራ አልቀረም።

ለምን ያባብሳል የሚለው አያስቸግርም። ሥራ የሚሰጠው ያጣ፣ ቤት የሚያከራየው ያጣ፣ ዘመድ የሸሸው ሰው ምን የሚያጣው ቀረ? ማያሚ ውስጥ የአካባቢው ደንብ ከትምህርት ቤት 2,500 ጫማ ራቁ ሲላቸው የሚኖሩበት ቦታ ጠፋ። ጁሊያ ተትል በሚባለው ድልድይ ሥር ድንኳን ተክለው ለዓመታት ኖሩ። የት እንደሚያድር የማይታወቅ ሰው በምን ይጠበቃል? የጄኮብ እናት ፓቲ ዌተርሊንግ፣ ሕጉ እንዲወጣ ደጅ የጠኑት እሳቸው ራሳቸው፣ በኋላ መዝገቡ ከልክ በላይ ሰፋ ብለው መናገር ጀመሩ። ከሳቸው በላይ የመናገር መብት ያለው ሰው አላውቅም።

ሌላው የተጋነነ ነገር ዳግም ይፈጽማሉ የሚለው ነው። በ2002 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሕክምና ያላገኙት ዳግም የመፈጸማቸው መጠን እስከ 80 በመቶ እንደሚገመት ጠቅሶ ጻፈ። ምንጩ ሲፈተሽ የተገኘው በ1986 አንድ የሥነ ልቦና መጽሔት ላይ ያለ ማስረጃ የሰፈረ ዐረፍተ ነገር ነው። በተቃራኒው ያው የስታቲስቲክስ ቢሮ በ1994 ከ15 ስቴት እስር ቤቶች የተፈቱትን ሲከታተል፣ በ3 ዓመት ውስጥ በአዲስ የወሲብ ወንጀል የታሰሩት 5.3 በመቶ ነበሩ።

ይሄንንም ቢሆን ዝም ብዬ አልውጠውም። 5.3 በመቶ የተያዙት ናቸው። አብዛኛው ጥቃት ፖሊስ ጆሮ አይደርስም፤ ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ ይብሳል። የአባትየውን ዝቅተኛ ቁጥር ሳስብ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ጥቂት ስለሚደግሙ ነው ዝቅ ያለው? ወይስ ልጅ አባቷን ደግማ ስለማትከስ? ሁለቱም ይኖርበታል። ምን ያህሉ የትኛው እንደሆነ ካርታው አይነግረኝም።

የራሳችን ነገር

ስብሰባው ላይ ሰው ሁሉ ስለ ሌቭል 3ቱ ሰውዬ ሲጠይቅ እማማ ብቻ ስለ ቤት የጠየቁት ለምን ይመስላችኋል? ዕድሜ ያስተማራቸው ነገር ያለ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ገመና ይሸፈናል። «ሆድ ይፍጀው» ይባላል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሆነ ሰው በየሰፈሩ አለ፤ ልቅሶ የማይቀርበት፣ ለእድር የማይሰስት፣ ልጆች የሚያንጫጫ። ልጅቷ እሱን ስታይ ለምን እንደምትሸሽ የሚጠይቅ የለም። «ጋሼን ሳሚ እንጂ» ተብላ ትገፋለች።

ወረቀቱ ያስደነገጠን አንዱ ምክንያት ምቾት ስለሰጠን ነው ብል ትቆጡኝ ይሆናል። ክፉው ሰው ፎቶ አለው፣ አድራሻ አለው፣ እኛን አይመስልም። ነጥቡን ሸሽቶ በሌላ መንገድ መሄድ ነው። ያንን ማታ ግሩፑ ላይ ከተጻፈው መልእክት ሁሉ ስለ አጎት፣ ስለ ቤተሰብ ወዳጅ፣ ስለ አስጠኚ አንድ ቃል የተናገረ አልነበረም።

በነገራችን ላይ ሌቭል 1 ማለት ጨርሶ የማይታወቅ ማለት አይደለም። በዋሽንግተን ሕግ አጠገቡ የሚኖር ሰው የሸሪፉን ቢሮ ከጠየቀ አስፈላጊው መረጃ ሊሰጠው ይችላል። የተመዘገበው ሰው ከጠፋ ወይም ቋሚ አድራሻ ከሌለው ደግሞ ሌቭል 1ም ቢሆን ዌብሳይቱ ላይ ይወጣል። ለመጠየቅ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያስፈልጋል። ያልተያዘውን ደግሞ ሸሪፉም አያውቀውም።

ከዚያ በኋላ ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ በሚማሩበት ክፍል አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ምንም የተለየ ነገር አይደለም። አንድ አዋቂ ብቻውን ከልጆች ጋር ክፍል ውስጥ አይሁን፣ በሩ መስታወት ይኑረው፣ ልጅ ወደ ቤት የሚሸኘው ሰው አስቀድሞ በወላጅ ይታወቅ። ኮሚቴው ውስጥ ያሉ አንድ አባት «ይሄ እኮ መምህራኑን መስደብ ነው፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አሉ። ሌሎቹ በይሉኝታ ዝም አሉ። በመጨረሻ የተስማሙት የመምህራኑን የፖሊስ ሪከርድ በማጣራት ነው። ጥሩ ነው፤ እኔም ደግፌያለሁ። የሚያሳየው ግን የተፈረደበትን ሰው ብቻ ነው። ይሄን ብናገርም «ቀስ በቀስ እናየዋለን» ተባልኩ።

ቀስ በቀሱ ስላልጣመኝ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ሆኖ እንዲቀርብ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። ጥቂት ወላጆች አብረውኝ ፈርመዋል፤ ከነሱ አንዱ አናጺ ነው፤ የክፍሉን በር ለክቶ መስታወት ለማስገባት ስንት እንደሚፈጅ እየጠየቀልን ነው።